የአድአን ጤፍ ከነዝቋላው ፎቶ ማንሳት፦ ከቅዳሜ ማታ እስከ እሑድ ማታ

ኅዳር ላይ ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ ስትወርዱ፣ ዱከምን ካለፋችሁ በኋላ በግራም በቀኝም ያለው ጤፍ ነው። ገሚሱ ቢጫ ሆኗል፣ ገሚሱ አረንጓዴነቱን ገና አልለቀቀም፣ ገሚሱ ታጭዶ ተከምሯል። ከማሳው ጀርባ በደቡብ በኩል ዝቋላ ብቻውን ቆሟል። ቁመቱ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው።

ጓደኛዬና እኔ ኅዳር በመጣ ቁጥር እዚያው እንመላለሳለን። ሁለታችንም የፎቶ ባለሙያዎች አይደለንም። እኔ ሰኞ ጠዋት ቢሮ እገባለሁ፣ እሱ ሱቁን ይከፍታል። ካሜራዬ ከሰው እጅ የገዛሁት ነው። ሌንሱም ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው 18-55 ነው (18 ላይ ሰፊውን ያሳያል፣ 55 ላይ ያቀርባል)፤ ባለሙያዎች ሲያዩት ፈገግ የሚሉበት።

ለፎቶ ስሜን ተራሮች አይኬድም እያልኩ አይደለም። ግን እዚያ በዓመት አንዴ ቢኬድ ነው። በዓመት አንዴ የሚሄድ ሰው ደግሞ ስህተቱን ሳያርም ዓመቱ ይዞራል። አድአ፣ ይህ የቢሾፍቱ ዙሪያ ሜዳ፣ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ናት። ዛሬ ያበላሻችሁትን በሚቀጥለው እሑድ ማስተካከል ትችላላችሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች የጻፍኩት የአንድ እሑድ ሥራ ነው። ካሜራ ባይኖራችሁ በስልክም ይሠራል።

1. ቀኑን መምረጥ

ወቅቱ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ነው። ከዚያ በፊት ማሳው ገና አረንጓዴ ነው፤ ከዚያ በኋላ ገለባና አቧራ ብቻ ይቀራል።

ኅዳር 12ን ተዉት። ኅዳር ሲታጠን በየሰፈሩ ቆሻሻ ስለሚቃጠል ጭሱ ሜዳው ላይ ይተኛል፤ ዝቋላ ጭራሽ አይታይም። ልማዱ ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ ነው፤ የሚከበር ነገር ነው፣ ለፎቶ ግን አይሆንም። እኛ አንድ ዓመት ሳናስብበት ሄደን ግራጫ ነገር ይዘን ተመለስን።

ሰማዩ ፍጹም ጥርት ካለ ደስ አይበላችሁ። ባዶ ሰማይ ፎቶ ላይ እንደ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ነው። ቅዳሜ ማታ ቀና ብላችሁ እዩ። እንደ ተነደፈ ጥጥ ሳሳ ያለ ደመና ከፍ ብሎ ካለ፣ ያን ጊዜ አላርም ሙሉ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ። በኅዳር ፀሐይ የምትወጣው ከቀጥታው ምሥራቅ ወደ ደቡብ 20 ዲግሪ ያህል ፈቀቅ ብላ ነው። ዝቋላ ከቢሾፍቱ ሲታይ በደቡብ፣ ትንሽ ወደ ምዕራብ ያዘነበለ ነው። ስለዚህ ጠዋት ፊታችሁን ወደ ዝቋላ ካደረጋችሁ ፀሐይዋ በግራ ትከሻችሁ በኩል ናት፤ ብርሃኑ ከጎን ይመጣል። ከጎን የመጣ ብርሃን የጤፉን እያንዳንዱን ዘለላ፣ የተራራውን እያንዳንዱን ሸለቆ ለይቶ ያወጣል። ከጀርባችሁ ቢመጣ ሁሉም ነገር ጠፍጣፋ ይሆን ነበር።

ማታ ነገሩ ይገለበጣል። ፀሐይ የምትጠልቀው ከዝቋላ ብዙም ሳይርቅ ስለሆነ ተራራው ጥቁር ጥላ ብቻ ይሆናል። ማታ የምትሄዱ ከሆነ ዞር ብላችሁ በስተሰሜን ያለውን የረር ተራራ አንሱ። ያን ጊዜ ከጎን የሚበራለት እሱ ነው።

የፀሐይን መውጫ የሚነግሩ አፖች በስልክ አሉ። የሚቆጥሩት በፈረንጅ ነው፤ 6፡22 ካላችሁ የኛ 12፡22 ነው። ይህን የማያውቅ የለም ትሉ ይሆናል። ጓደኛዬ አንድ ጊዜ ተሳስቶ እኔን ደጅ ላይ አቁሞኛል።

2. ቅዳሜ ማታ

አንድ ጊዜ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ተነስተን፣ በብርድ ማሳ ዳር ደርሰን፣ ትራይፖዱን ዘርግቼ ካሜራውን ሰካሁ። ስክሪኑ ላይ «ካርድ የለም» የሚል ጽሑፍ መጣ። ካርዱ ቤት፣ ላፕቶፑ ውስጥ ነበር። ጓደኛዬ ምንም አላለም። ስልኩን አወጣና ማንሳት ጀመረ። የዚያ ዓመት ምርጡ ፎቶ የሱ ነው፤ እስካሁን ያነሳብኛል።

ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ካርዱን ካሜራው ውስጥ አስገቡና አንድ ፎቶ አንሱ። የሳሎኑን ወንበር ቢሆንም አንሱት። ካነሳ፣ ካርድም ባትሪም አለ ማለት ነው። ትራይፖዱና ካሜራውን የምታያይዘው ትንሿ ሳህን መኖሯንም እዩ፤ እሷ ከሌለች ትራይፖዱ ምርኩዝ ነው። ከዚያ ባትሪ ቻርጀር ላይ፣ ባትሪ መብራት፣ የሌንስ መጥረጊያ ጨርቅ፣ ወፍራም ሹራብ፣ ውኃ፣ ዝርዝር ብር። ፖላራይዘር ፊልተር (ሌንሱ ጫፍ ላይ የሚገጠም፣ ነጸብራቅ የሚቀንስ መስታወት) ካላችሁ ያዙት፤ ምክንያቱን ከታች እናገራለሁ።

ሴቲንጉንም ማታውኑ ጨርሱት። በጨለማ፣ በቀዘቀዘ ጣት ሜኑ መፈለግ ያናድዳል።

ፋይሉን ሮው አድርጉት፤ ጄፔግ ካሜራው ለራሱ እንደመሰለው ቀብቶ የሚሰጣችሁ ነው፣ ሮው ጥሬውን ይሰጣችኋል። ዋይት ባላንሱን (የቀለም ማስተካከያውን) ከአውቶ አውጥታችሁ የፀሐይ ምልክት ያለበት ላይ አድርጉት። አውቶ ላይ ከተዋችሁት ካሜራው የንጋቱን ወርቃማ ቀለም ስህተት መስሎት ያርመዋል፤ ለዚያ ቀለም ብላችሁ ሌሊት ተነስታችሁ፣ እሱ ያጠፋላችኋል። ሞዱ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ) እናንተ የምትመርጡበት፣ አፐርቸሩ ኤፍ 11፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 200 ይሁን። በስልክ ከሆነ ፕሮ የሚለውን ሞድ ፈልጉና ፋይሉን ዲኤንጂ (የስልኩ ሮው) አድርጉት።

3. መድረስና መጠየቅ

ከአዲስ አበባ ከ10 ሰዓት ተኩል አትዘግዩ። 11፡45 ላይ ቦታችሁ ላይ መቆም አለባችሁ። ፀሐይ የምትወጣው 12፡22 አካባቢ ቢሆንም፣ ከዚያ በፊት ያለው 20 ደቂቃ ራሱን የቻለ ፎቶ አለው። መኪና ከሌላችሁ ቅዳሜውኑ ሂዱና ቢሾፍቱ እደሩ፤ በዚያ ሌሊት ታክሲ መጠበቅ አያዋጣም። መንገዱ ሰላም መሆኑን ደግሞ ዋዜማውን እዚያ ያለ ሰው ጠይቁ።

ቦታ የምትመርጡት በጨለማ አይደለም። መጀመሪያ አንድ ቀን በብርሃን ሂዱና ዙሩ። እኛ የምንቆምበት አንድ ግራር ያለበት የማሳ ወሰን አለ። ያገኘነው በሦስተኛው ጉዟችን ነው፣ ያውም ጎማ ሲቀየር።

ማሳ ውስጥ አትግቡ። የደረሰ ጤፍ ስትረግጡት ይረግፋል፤ ፍሬው ከአሸዋ የደቀቀ ስለሆነ ደግሞ የሚለቅመው የለም። በወሰኑ ላይ ሂዱ። ሰው ካገኛችሁ ሰላምታ ይቅደም። የአካባቢው ገበሬ ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው፤ «አካም ቡልተን» ብላችሁ ከጀመራችሁ ግማሹ ነገር አለቀ። ቀሪው በአማርኛም ይግባባል።

እኛ መጀመሪያ ጊዜ ሁለት ሰዎች ወሰን ላይ ተንበርክከን ጤፍ ስናይ፣ ማጭድ የያዙ አንድ አባት ከኋላችን መጥተው ቆሙ። ትንሽ አዩንና «ምን ጠፍቶባችሁ ነው?» አሉ። ፎቶ ነው አልናቸው። ወደ ማሳው አዩ፣ ወደኛ አዩ። «ይሄን?» አሉ። ፈቀዱልን። ስንሄድ ግን አሁንም የጠፋብንን ዕቃ ያልነገርናቸው የመሰላቸው ይመስለኛል።

ሁለት ማሳሰቢያ። ቢሾፍቱ የአየር ኃይል ከተማ ናት። ወደ ግቢው፣ ወደ አጥሩ፣ ወደሚያርፈው አውሮፕላን ካሜራ አታዙሩ። ያለ ፈቃድ ድሮን ደግሞ ከነጭራሹ አታምጡ።

4. ማንሳት

ጀማሪ ሁሉ የሚሠራውን ስህተት ልንገራችሁ፤ እኔም ሁለት ዓመት ሠርቼዋለሁ። ሜዳው ሰፊ ስለሆነ ሌንሱን ብዙ ወደሚያሳየው ጫፍ እናደርገዋለን፤ 18 ላይ። ዓይናችን ያየው ትልቅ ተራራ ፎቶው ላይ ብጉር ያክላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ዝቋላ ከቢሾፍቱ በቀጥታ መስመር ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፣ ከሜዳው በላይ ያለው ከፍታው ደግሞ ከ1,100 ሜትር ብዙ አይበልጥም። በ18 ብታነሱት ተራራው የፎቶውን ቁመት ሃያኛ እጅ እንኳ በደንብ አይሞላም። በ55 ግን ሰባተኛ እጅ ገደማ ይይዛል። ስለዚህ ሌንሱን ወደ 55 አምጡት። በስልክ ከሆነ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ሌንስ ካለው በሱ አንሱ፤ በጣት እየሳባችሁ ዙም አታድርጉ፣ እሱ ፎቶውን መቁረጥ ነው እንጂ ማቅረብ አይደለም።

55 ላይ ሌላ ችግር ይመጣል፤ ፎከስ። እግራችሁ ሥር ያለው ጤፍና ተራራው ባንዴ ጥርት አይሉም። በኤፍ 11 ፎከሱን 14 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ብታደርጉ፣ ከ7 ሜትር ጀምሮ እስከ ተራራው ድረስ ያለው ሁሉ ይጠራል። ስለዚህ የፊቱን ነገር ከ7 ሜትር አታቅርቡት። እኔ ርቀቱን በእርምጃ ነው የምለካው። ግራሩ ጋ እስክደርስ 20 እርምጃ ያህል፣ ተመልሼ ግራሩ ላይ ፎከስ፣ ከዚያ ፎከሱን ከአውቶ አውጥቼ እዘጋዋለሁ።

የፎቶው አቀማመጥ ላይ ብዙ ሕግ ሲነገር ትሰማላችሁ። እኔ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ዓይን ከየት ገብቶ የት ይደርሳል? የማሳው ወሰን ከታች ከግራ ጥግ ተነስቶ ወደ ክምሩ ይሄዳል፣ ከክምሩ ወደ ግራሩ፣ ከግራሩ ወደ ተራራው። ይህ ካለ ሌላው ይስተካከላል። ከሌለ ቦታ ቀይሩ። ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ሁለት እርምጃ ወደ ቀኝ ነው፣ ወይም መንበርከክ።

አሁን በሰዓቱ ልሂድ።

12 ሰዓት ላይ ፀሐይ አልወጣችም፣ ግን ሰማዩ ቀለም ይዟል። ተራራው ሰማያዊ ነው። ከየቤቱ የሚወጣው የማገዶ ጭስ ወደ ላይ አይሄድም፤ በሜዳው ላይ እንደ ነጠላ ይዘረጋል። ይህ ፎቶ ያለ ትራይፖድ አይሆንም፣ ሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) እስከ አንድ ሰከንድ ክፍት ሊቆይ ይችላል። ካሜራውን በጣት ስትጫኑት ስለሚነቃነቅ የሁለት ሰከንድ ታይመሩን ተጠቀሙ።

12፡22 ላይ ፀሐይ ትወጣለች። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ወደ ፀሐይዋ ይዞራል። አትዙሩ። እሷን በየትም ታገኟታላችሁ። የመጣችሁት እሷ ለምታበራው ነገር ነው።

የሚሆነውን በቅርቡ እዩት። የጤፍ ዘለላ ላይ ጤዛ አለ፤ ጠብታው ከፍሬው ይበልጣል። ብርሃኑ መጀመሪያ ዝቋላ ጫፍ ላይ ያርፋል። ሜዳው ገና ግራጫ ነው። ከዚያ የግራሩ አናት ይነካል። ከዚያ ባንዴ፣ በሦስት በአራት ደቂቃ ውስጥ፣ የዘለላው ጫፍ ሁሉ ከግራጫ ወደ መዳብ ይዞራል። ሥሩ አሁንም ጥላ ውስጥ ነው። ያች ቅጽበት፣ ጫፉ በርቶ ሥሩ ጨለማ ሆኖ፣ እሷ ናት። ጠብቋት።

እኛ አገር ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፤ በሰዓት 14 ዲግሪ ያህል ትሄዳለች። አውሮፓ ውስጥ የሚኖር ሰው በዚህ ወቅት ለስላሳውን ብርሃን ብዙ ሰዓት ያገኘዋል። እናንተ ያላችሁ ከ12፡25 እስከ 1፡10 ነው። ስለዚህ በዚያ 45 ደቂቃ ውስጥ ቦታ አትፈልጉ፣ ሌንስ አትቀይሩ፣ ያነሳችሁትን እያያችሁ አትደነቁ።

ማየት ያለባችሁ አንድ ነገር ሂስቶግራሙን ነው፤ ያን ተራራ የመሰለ ግራፍ፣ በግራ ጨለማውን በቀኝ ብርሃኑን የሚያሳየውን። ወደ ቀኝ ሄዶ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ ሰማዩ ተቃጥሏል፣ ነጭ ብቻ ሆኗል ማለት ነው፤ የተቃጠለ ሰማይ በኤዲት አይመለስም። ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን የብርሃን መጠን) ወደ ታች፣ 0.7 ያህል ቀንሱ። ሜዳው ቢጨልምባችሁ ግድ የለም፣ ሮው ውስጥ ያለ ጥላ በኋላ ይነሳል። በስልክ ሰማዩን በጣት ንኩና ብርሃኑን ወደ ታች ጎትቱ።

ነፋስ ካለ ጤፉ ይወዛወዛል። ሹተሩ ከ1/125 ሰከንድ እንዳይወርድ አይኤስኦውን ወደ 400 አንሱ። ትራይፖድ ካሜራውን ነው የሚያቆመው፣ ጤፉን አይደለም።

ፖላራይዘሩስ? ፊልተሩ በደንብ የሚሠራው ካሜራው ከፀሐይዋ ዘጠና ዲግሪ ሲዞር ነው። ጠዋት ወደ ዝቋላ ስትዞሩ ከፀሐይዋ ያላችሁ ርቀት ከዘጠና ብዙ አይዘልም። በእጃችሁ እያዞራችሁ እዩት፦ ሰማዩ ይጠቁራል፣ የተራራው ጭጋግ ይሳሳል፣ ጤፉ ላይ ያለው ነጭ ነጸብራቅ ይጠፋል። መጠኑ ሲበዛ ሰማዩ ቀለም የተደፋበት ይመስላል፤ ግማሽ መንገድ ላይ አቁሙት።

5. ፀሐይ ከወጣች በኋላ

1፡15 ካለፈ ካሜራውን ወደ ቦርሳው መልሱና ዚፑን ዝጉት። በብርድ የቆየ ካሜራ ሞቃት መኪና ውስጥ ሲገባ ሌንሱ ላይ ላብ ያወጣል፤ ቦርሳው ውስጥ ቀስ ብሎ ይሙቅ።

ከዚያ ቁርስ። የሐይቅ ፎቶ ካማራችሁ ሆራም ባቦጋያም አሉ። ግን የሐይቅ ውኃ መስታወት የሚሆነው ነፋስ ሳይነሳ ማለዳ ስለሆነ፣ ለሱ ሌላ እሑድ መድቡ። ሁለት ወፍ ባንድ ድንጋይ አይሆንም፤ ሞክረነዋል።

የምትቆዩ ከሆነ ግን ከሰዓት በኋላ አውድማ ፈልጉ። ጤፍ ተወቅቶ፣ ነፋስ ሲመጣ በመንሽና በላይዳ ወደ ላይ እየተበተነ ከእብቁ ይለያል። ወደ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ከአውድማው ወዲህ፣ ፀሐይን ፊት ለፊት አድርጋችሁ ቁሙ። የሚበነው እብቅ በሙሉ ይበራል። እዚህ ላይ ሹተሩ ይፍጠን፣ 1/500 ይሁን። መግባት ከፈለጋችሁ ጠይቁ፤ አውድማው በእበት ተለቅልቆ የተዘጋጀ ነው፣ ከጫማችሁ የሚረግፈው አፈር የሰው እንጀራ ውስጥ ይገባል። እዚያ አጠገብ ሌንስ ከፍታችሁ እንዳትቀይሩ። ያ እብቅ ካሜራው ውስጥ ከገባ፣ በሚቀጥለው ዓመት ፎቶ ሰማይ ላይ ነጥብ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

6. ኤዲት

እሑድ ማታ ፎቶውን ወደ ኮምፒውተር ወይም ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። ገልብጣችሁ ሳትጨርሱ ካርዱን አታጥፉ። ከዚያ፣ እውነቴን ነው፣ ኮምፒውተሩን ዝጉትና ተኙ። በዚያው ማታ ኤዲት የሚያደርግ ሰው የሚያየው ፎቶውን ሳይሆን የለፋውን ልፋት ነው። ሁለት ቀን ይደር።

ፕሮግራም ላይ አትጨነቁ። ላይትሩም ያላችሁ በሱ። ገንዘብ ማውጣት ካልፈለጋችሁ ኮምፒውተር ላይ ዳርክቴብል፣ ስልክ ላይ ስናፕሲድ በነፃ አሉ።

መጀመሪያ መምረጥ። 120 ፎቶ አንስታችሁ ከሆነ የምትሠሩት ሦስት ነው። እኔ በትንሹ አድርጌ ነው የማያቸው፣ ቴምብር አክለው። በቴምብር መጠን የማይገባ ፎቶ ሲተልቅም አይገባም።

ቀጥሎ አድማሱን አቅኑ። የአድአ ሜዳ ጠፍጣፋ ስለሆነ ግማሽ ዲግሪ ብታዘነብሉ ሐይቆቹ ሁሉ ወደ አዳማ ሊፈሱ ይመስላሉ። ከዚያ ጠርዙን ቁረጡ። አንድ ፎቶዬ ላይ በቀኝ በኩል የቆርቆሮ ጣራ ያለው ቤት ነበር፤ ፀሐይ መትታው ነጭ ሆኖ ያብለጨልጫል፣ ዓይን ይስባል። ቆረጥኩት። ወደዚህ ቤት እመለሳለሁ።

ብርሃኑን በዚህ ተራ ሂዱ። ሃይላይቱን (የፎቶውን ብሩህ ክፍል) ቀንሱ፣ የኔ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ይቀነሳል፤ ደመናው ይመለሳል። ሻዶውን (ጥላውን) ትንሽ አንሱ፣ ከ15 አይለፍ። ጥላን በሙሉ ማብራት ማለዳውን እኩለ ቀን ያደርገዋል። ከዚያ ዲሃዝ የሚለውን ንኩ፣ የተራራው ጭጋግ ይሳሳል። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሰክረው። 10 ላይ ተራራው ይጠራል። 40 ላይ 25 ኪሎ ሜትር የራቀው ዝቋላ ጓሯችሁ ያለ ይመስላል። ጭጋጉ ርቀት ነው፤ ከጠፋ ርቀቱ አብሮ ይጠፋል።

ቀለም። መጀመሪያ የምወደው ፎቶዬ ላይ ሳቹሬሽኑን (የቀለሙን ድምቀት) ወደ ላይ ገፍቼ፣ ቢጫውን ብቻውን አውጥቼ፣ ጤፉ እንደ እሳት ነደደ። ደስ ብሎኝ ለአክስቴ አሳየኋት። አክስቴ የአድአ ልጅ ናት፤ እስክታገባ ድረስ እዚያው ነው ያደገችው። መነጽሯን አድርጋ፣ ስልኩን ራቅ አድርጋ አየችና «እስቲ ይሄ ጤፍ ነው ሱፍ?» አለችኝ። ጤፍ ነው እትዬ አልኳት። «የት አገር ያለ ጤፍ?» ከዚያ ስልኩን መለሰችልኝና ቡናዋን ቀጠለች።

ከዚያ ወዲህ የኤዲቴ መመዘኛ እሷ ናት። የደረሰ ጤፍ ብርቱካናማ አይደለም። የገለባ ቢጫ ነው፣ ውስጡ ትንሽ ግራጫ ያለበት፤ ማለዳ ላይ ብቻ መዳብ ይነካዋል። አጠቃላዩን ሳቹሬሽን ዜሮ ላይ ተዉት። ቢጫው መውጣት ካለበት ቢጫውን ብቻ፣ ከ5 እስከ 8። አረንጓዴው ብዙ ጊዜ ከሚገባው በላይ ይጮሃል፤ እሱን ቀንሱት። እናንተም የቦታውን ሰው ፈልጉና አሳዩት። የፎቶ ዕውቀት አያስፈልገውም፤ እንዲያውም ባይኖረው ይሻላል።

ሰማዩን ለብቻው ማጥቆር ከፈለጋችሁ ማስክ የሚለውን ተጠቀሙ፣ ከላይ ወደ ታች እየሳሳ የሚመጣውን። የተራራው ጫፍ ላይ ነጭ መስመር ካያችሁ አብዝታችኋል። ሌላው፣ ሰማዩ ላይ ያሉትን ነጥቦች ማጥፋትና ትንሽ ሻርፕ ማድረግ፣ የአምስት ደቂቃ ነገር ነው።

ጨርሻለሁ ስትሉ ከመጀመሪያው ጥሬ ፎቶ ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩት። ከዚያ የነካችሁትን ሁሉ በግማሽ ቀንሱ። እኔ ዘወትር በግማሹ እስማማለሁ።

7. ማጋራትና ማሳተም

በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨምቀዋል። እንደ ፋይል ላኩት፤ ያን ጊዜ እንዳለ ይደርሳል።

ግን አሳትሙት። 20 በ30 ሴንቲ ሜትር ለማሳተም 2,400 በ3,600 ፒክስል ይበቃል፤ ያን ያህል የዛሬ ስልክ ሁሉ አለው። ወረቀት ላይ ከስክሪን ትንሽ ስለሚጨልም ብርሃኑን ጥቂት ጨምሩና፣ መጀመሪያ አንድ ትንሽ ቅጂ አሳትማችሁ እዩ።

እኔ ባለፈው ዓመት ሁለት አሳተምኩ። አንዱን ለአክስቴ፤ ምንም ሳትል ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ሁለተኛውን ማሳቸውን ለፈቀዱልን አባት ይዤላቸው ሄድኩ። እጃቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ተቀበሉኝ። ብዙ ጊዜ ወስደው አዩት። ተራራውን አለፉት። ክምሩን በጣታቸው ነክተው «ይሄ የወንድሜ ነው» አሉ። ግራሩን አወቁት። ከዚያ ጣታቸው በቀኝ ጠርዝ ላይ ሄዶ ቆመ፣ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውንም አዩ።

«ቤቴስ?» አሉኝ።

ያልተቆረጠውን ፎቶ ባላስቀምጠው ኖሮ ምን እመልስ ነበር። ዘንድሮ ሙሉውን አሳትሜያለሁ፣ ከነቆርቆሮው። መኪናው ኋላ ወንበር ላይ በካርቶን ተጠቅልሎ ኅዳርን እየጠበቀ ነው።